የአጎቴ ጭብጨባና የሙላቱ ማምቦ

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ መንዝ ወጥቼ ነበር። መንገዱን ለማታውቁት፦ ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ ዋሻው ሳትገቡ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ። ብርዱን የማያውቅ ሰው በጃኬት ይመጣል፤ የሚያውቅ ገና ከመድረሱ ባና ይጠይቃል። እኔ ሁሌም ከማያውቁት ወገን ነኝ።

በሠርጉ ማግሥት ማታ አጎቴ ቤት እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ስልኬን አውጥቼ አንድ ዘፈን ከፈትኩ። አጎቴ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። በሰፈራቸው ሠርግ ሁሉ ሆታ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄን ያውቁታል?»

ትንሽ አዳመጡ። «ምንድነው እሱ?»

«አይፈራም ጋሜ ነው።»

«የቱ አይፈራም ጋሜ?»

«የኛው ነዋ። ኒው ዮርክ የተቀረጸ ነው። የሚዘፍኑት ግን በስፓኒሽ ነው።»

ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። «በባዕድ አፍ ከሆነማ ፈርቶ እንደሆነ በምን ይታወቃል!» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን ሳቁ ሳይሆን ከሳቁ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው። ማጨብጨብ ጀመሩ። እሳቸው የሚያውቁትን ጭብጨባ፣ የሆታውን። ጭብጨባው ከስልኩ ድምፅ ጋር አልገጥም አለ። አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ደግሞ ድንገት አብሮ ያርፍና ወዲያው ይለያያል። እጃቸውን አቆሙና፣ «ኧረ አያስገባኝም፤ በሩ የት ጋ ነው?» አሉ።

በሩ የት ጋ ነው? ስለ ኢትዮ ጃዝ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 ጅማ ተወለደ። ቤተሰቦቹ መሐንዲስ እንዲሆን ዌልስ ላኩት፤ እሱ ግን እዚያ ሙዚቃ ያዘው። ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፣ ከዚያ አሜሪካ ተሻግሮ ቦስተን በርክሊ ቫይብራፎንና ከበሮ አጠና፣ ከዚያም ኒው ዮርክ። በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት አልበሞች ወርዚ በተባለ ትንሽ ኩባንያ አሳተመ። ባንዱ «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» ይባል እንጂ አብዛኞቹ ተጫዋቾች የኒው ዮርክ ላቲኖች ነበሩ። (ጋሽ ሙላቱን «አንቱ» ማለት ይገባኝ ነበር። ግን የምጽፈው ስለዚያ ገና ሃያዎቹን ስለጀመረ ወጣት ነው፤ የእኔና የእናንተ እኩያ ስለነበረው ሙላቱ።)

የመጀመሪያው አልበም የሚከፈተው በዚያ ጋሼን ባሳቃቸው ዘፈን ነው። ጥንታዊ የጦረኞች ዘፈን፣ ወደ ስፓኒሽ ተመልሶ፣ በላቲን ምት። ርዕሱን በላቲን ፊደል የጻፉበት መንገድ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። «አይ ፋራም ጋሚ አይ ፋራም» ተብሎ እንዲነበብ ነው የተጻፈው፤ «አይ»ዋ ደግሞ በእንግሊዝኛው አንድ ፊደል፣ «እኔ» በሚባልበት። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በአማርኛው «አይ» አሉታ ነው፤ ጋሜው፣ ማለትም ገና ፀጉሩን እንደ ልጅ የሚቆረጠው ጎረምሳ፣ አለመፍራቱን የምትናገረው ያቺ ቁራጭ ናት። ሸክላው ላይ ስትደርስ «እኔ» ሆነች። እንግሊዝኛ አንባቢው «እኔ ፋራም» የሚል ነገር ያነባል፤ ፋራም ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ስለማያውቅም ደስ ይለዋል። ጋሼ ሳያዩት ያሉት ነገር ልክ ነበር ማለት ነው፦ መፍራት አለመፍራቱ እዚያ ሸክላ ላይ አይታወቅም።

ይሄን የማነሳው ለማሾፍ አይደለም። ሁለቱን አልበሞች እወዳቸዋለሁ። በተለይ ቫይብራፎኑን። ብረቱ ሲመታ ድምፁ ውኃ ላይ እንደወደቀ ጠጠር እየሰፋ ይሄዳል፣ የኛ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ደግሞ እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ ይወዳል። ያኔ ቫይብራፎን በላቲን ጃዝ ውስጥ አዲስ አልነበረም፤ ካል ጄደር «ሶል ሶስ»ን ያወጣው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1965 ነው፤ ቲቶ ፑዌንቴም ከቲምባሌው ጎን ይጫወተው ነበር። ሙላቱ ያመጣው አዲስ ነገር መሣሪያው ላይ የሚሄድበትን መንገድ ነው። ማምቦው ሥር ሥሩን ይሮጣል፣ ከላይ አንድ ሰው ትዝታ ይዞታል። ይሄ ድብልቅ ስሜት ከሙላቱ በፊት ማንም ጋ አልሰማሁትም።

ግን «ሥር ሥሩን» እና «ከላይ» አልኩ አይደል? ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ላቲን ሙዚቃ ራሱ እየተደባለቀ ነበር። የፖርቶ ሪኮ ልጆች የወላጆቻቸውን ማምቦና ሶን ሞንቱኖ ከጎረቤቶቻቸው ከጥቁር አሜሪካውያን ሶል ጋር እየቀላቀሉ ቡጋሉ የሚባል ነገር ፈጠሩ። የጆ ኩባ «ባንግ ባንግ» የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ፋኒያ የተባለው ኩባንያ በ1964 ተቋቁሞ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ይሄን ሁሉ ሶን፣ ማምቦ፣ ጉዋጉዋንኮ፣ ጃዝ ምናምን በአንድ ድስት ከቶ «ሳልሳ» ብሎ ሸጠው። ቲቶ ፑዌንቴ ስሙን አልወደደውም፤ ሳልሳ የሚበላ ስጎ ነው፣ እኔ ስጎ አልጫወትም እያለ ይቀልድ ነበር። እና የሙላቱ ኩዊንቴት የገባው እዚህ ድስት ውስጥ ነው። በሁለቱ አልበሞች ውስጥ ቻቻቻ አለ፣ ማምቦ አለ፣ «ዘ ፓንተር» የተባለው ደግሞ ቡጋሉ ነኝ ብሎ ርዕሱ ላይ ጽፏል። በጎን «ኮንጂት» አለች፣ «የአዲስ አበባዋ ልጅ» አለች፣ «ካራዩ» አለ። አርዕስቱ አገር ቤት ናቸው፣ እግሩ ኒው ዮርክ ጭፈራ ቤት ነው።

እግሩ ስል ምቱን ማለቴ ነው። የእነዚህ ዘፈኖች ወለል አራት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በላዩ ላይ ክላቬ የሚባለው አምስት ምት ይሄዳል፤ ሦስት ይመታና ሁለት ያስከትላል፣ ወይም ሁለት ጀምሮ ሦስት። ማምቦም ሆነ ሳልሳ የሚጨፍር ሰው ቢያውቀውም ባያውቀውም እግሩን የሚያስቀምጠው እሱን ተከትሎ ነው። የኛ የደጋው ሰው ሆታና ጭፈራ ግን ስድስት ነው። ሙዚቀኞቻችን ችክችካ የሚሉት። ሦስትና ሦስት ሆኖ ይንከባለላል፣ ከበሮው አንዱን ያጠብቃል ሌላውን ያላላል፣ ትከሻ የሚወርደው በዚያ ነው። ጋሼ በሩ የጠፋቸው ለዚህ ነው። ዜማውን ሲሰሙ እጃቸው ወደ ስድስት ሄደ፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ወለል አራት ነበር።

ስለዚህ ሁለቱን አልበሞች እንዲህ ነው የምሰማቸው፦ ዜማችን ተጋበዘ፣ ምታችን አልተጋበዘም። ቅኝቱ አውሮፕላን ተሳፈረ፣ ጭብጨባው መሐል ሜዳ ቀረ።

አሁን አንድ ሰው «ሰምና ወርቅ ነው እኮ፣ ሰሙ ላቲን ወርቁ ኢትዮጵያ!» ብሎ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። ስለ ፊዩዥን የሚጻፍ ነገር ሁሉ፣ ከቡና ማስታወቂያ ጀምሮ፣ ይቺን ምሳሌ ሳያነሳ አያልፍም። ምሳሌዋ ደግሞ ወደ ዓለም የሄደችው በከፊል በኛው አገር በኩል ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ መጥቶ፣ ከመንዜዎች ጋር ተቀምጦ፣ ስለ አማራ ባህል የጻፈውን መጽሐፍ በ1965 ሲያሳትም «ሰምና ወርቅ» ነው ያለው። ሙላቱ አልበሙን ከማውጣቱ አንድ ዓመት በፊት። ጥሩ፤ ምሳሌዋን እንቀበልና በትክክል እንጠቀምባት።

ቅኔ ውስጥ ሰምና ወርቅ ሁለት የተደራረቡ ነገሮች አይደሉም። አንድ ቃል ናቸው። ኅብረ ቃል የሚባለው ያ ቃል በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ይናገራል፤ ሰሙን ብታነሱ ወርቁ አብሮ ይነሳል። ኅብረ ቃል በሌለበት ያለው ሁለት ነገር ጎን ለጎን መናገር ነው። እንግዲህ ወደ 1966ቱ ዘፈን ተመለሱና ጠይቁት፦ ኅብረ ቃልህ የቱ ጋ ነው? ዜማውን አውጥታችሁ ሌላ ዜማ ብትተኩበት ኮንጋው ምንም አይጎድልበትም። ኮንጋውን አውጥታችሁ ዜማውን ለጋሼ ብትሰጧቸው እሳቸውም ምንም አይጎድልባቸውም፣ እንዲያውም በሩን ያገኙታል። ሁለቱ በአንድ ክፍል ተቀምጠው በጨዋነት ሰላምታ የተለዋወጡ እንግዶች ናቸው። ደስ የሚል ስብሰባ ነው። ጋብቻ ግን አይደለም።

ለማነጻጸር ከመንዝ ቁልቁል ወደ ይፋት ልውሰዳችሁ። ጌታቸው መኩሪያ በ1935 የተወለደው እዚያ ነው። በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ይነካካ ነበር፤ በ1949 የማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፣ ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያ የፖሊስ ኦርኬስትራ። በርክሊ አልሄደም። እጁ ላይ የወደቀው የፈረንጅ መሣሪያ ነው፣ ሳክስፎን፤ ያደረገበት ነገር ግን ፉከራና ሽለላን ማስተማር ነው። የ1972ቱን ሸክላውን ስሙት። ሳክስፎኑ አይዘፍንም፤ ይፎክራል። ጉሮሮው ሻካራ ነው፣ ትንፋሹ ሲያልቅ ሐረጉ ያልቃል፣ ትንፋሽ ሲሰበስብ ዝም ይላል፣ እንደገና ይነሳል። ባንዱ ከሥር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እሱ ለባንዱ ምት ግድ የለውም፣ ምክንያቱም ሽለላ በምት ሳይሆን በትንፋሽ ነው የሚለካው።

አያችሁ ልዩነቱን? ሁለቱም ከአንድ ጓዳ ነው የቀዱት፣ ከጦረኛ ዘፈን። ሙላቱ የኛን ዜማ ወስዶ ለባዕድ ወለል አጎነበሰው። ጌታቸው ባዕዱን መሣሪያ ወስዶ ለኛ ትንፋሽ አጎነበሰው። ጌታቸው ጋ ኅብረ ቃሉን ማግኘት ትችላላችሁ፦ ጩኸቱ ነው። ያ ሻካራ ጩኸት በአንድ ጊዜ የሳክስፎንም የፎካሪም ነው። የኔዘርላንዶቹ ዘ ኤክስ በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አብረውት ሲቀርጹ፣ ጊታራቸውን ጮክ አድርገው ከኋላው የተሰለፉት ይሄ ገብቷቸው ይመስለኛል። ፓንክም በትንፋሽና በንዴት ነው የሚለካው።

ለሙላቱ ደግሞ ፍትሐዊ ልሁን፣ ምክንያቱም እስካሁን የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው የአገር ቤት ሽማግሌ ሆኜ አገኘሁት። የላቲን ምት «ባዕድ» ነው ስል ቀላል ነገር አላልኩም። ኮንጋው፣ ክላቬው፣ አውራጅና ተቀባዩ፣ ይሄ ሁሉ በባርነት መርከብ ተጭነው ከሄዱ አፍሪካውያን ነው የመጣው፤ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ። አልበሙ «አፍሮ ላቲን» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢትዮጵያዊ ወጣት ማንሃተን ላይ ቆሞ የኮንጋ ድምፅ ሲሰማ «ይሄ ዘመዴ ነው» ቢል ማን ሊከራከረው ይችላል? እኔም አልከራከረውም። ዘመድ ነው። የሩቅ ዘመድ ግን የቤትህን ጭብጨባ ላያውቅ ይችላል።

ይሄን ካሰብኩ በኋላ ነው አንድ ነገር የከነከነኝ። ኩባ ውስጥ ስድስት አለ! ማታንሳስ በሚባለው ክፍለ ሀገር ገጠር ኮሉምቢያ የምትባል የሩምባ ዓይነት አለች፤ ምቷ እንደኛው ስድስት ነው፤ ወንዶች ተራ በተራ እየገቡ ጉልበታቸውን የሚያሳዩባት፣ ፉክክር የምትመስል ጭፈራ ናት። ቤምቤ የሚባለው የመንፈሳዊ በዓላቸው ምትም እንዲሁ በስድስት ይንከባለላል። የኩባ ሙዚቀኞች አራቱንና ስድስቱን ጎን ለጎን ሲያስኬዱ አይደነግጡም። ስድስት ደግሞ የሚገርም ቁጥር ነው፦ ለሁለት ሦስትም ይከፈላል፣ ለሦስት ሁለትም። በአንድ በኩል ብታዩት ችክችካ፣ በሌላ በኩል ብታዩት የክላቬው ጎረቤት። ኅብረ ቃል ስፈልግ ነበር አይደል? ይኸው፣ ስድስት ነው።

ጋሼ ያን ማታ ሲያጨበጭቡ አንዳንዴ ድንገት አብሮ ያርፋል ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አልተሳሳቱም። ሦስት ለሁለት እየመቱ ነበር፤ ማታንሳስ ውስጥ የሆነ ሽማግሌ ቢሰማቸው «ይሄ ሰው ከየት ሰፈር ነው?» ብሎ ቦታ የሚለቅላቸው ይመስለኛል።

እና ቁጭቴ ይሄ ነው። ሙላቱ ያገኘው ላቲን የጭፈራ ቤቱን ላቲን ነው፤ ሱፍ የለበሰውን፣ ማምቦና ቻቻቻውን። ይዞት የሄደውም የኛ ሙዚቃ ባብዛኛው የከተማውን ነው። ከተማ ከከተማ ጋር ተገናኘ። የአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎች እኮ ከዚያ በፊትም ማምቦና ቻቻቻ ይጫወቱ ነበር፤ ያ ትውውቅ አዲስ አልነበረም። የማታንሳስ ገጠርና የመንዝ ገጠር ግን ስድስታቸውን እንደያዙ፣ ሳይተያዩ ቀሩ። ቢተያዩ ምን ይወጣ ነበር? እሱን ሸክላ መስማት በጣም እፈልግ ነበር። አልተቀረጸም።

(በነገራችን ላይ ሌላም ትውውቅ ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ተልከው ተምረዋል። ስፓኒሽም ሳልሳም ይዘው ነው የተመለሱት። የነሱ ታሪክ በሙዚቃ በኩል ተጽፎ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚጽፍ ካለ እባካችሁ።)

ሙላቱ ራሱ ነገሩ ያልተዘጋ መሆኑ የገባው ይመስለኛል። በ1972 «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ሲወጣ ወለሉ ተለውጧል። ሩጫው ቀርቷል፣ ባሱ ወፍሯል፣ ዋሽንት የሚመስል ፍሉት አለ፣ ከምንም በላይ ክፍት ቦታ አለ። ኮንጋው አልጠፋም፤ ግን ከቤቱ ጌታነት ወርዶ እንግዳ ሆኗል። አገር ቤት ደግሞ አምሐ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ኩባንያ ከፍቶ ነበርና ሙላቱ እዚያ የሠራቸው ነገሮች፣ «የከርሞ ሰው»ን ጨምሮ፣ ላቲኑን እንደ ቅመም ብቻ ነው የሚነኩት። ዓለም የወደደውም ይሄኛውን ሙላቱ ነው። በ1998 የኢትዮፒክስ አራተኛ ቅጽ ሲወጣ፣ በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ውስጥ ሲያስገባው፣ በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ «የኔ ብቻ» እስኪመስላቸው ድረስ ሲቆርጡት፣ የተፈለገው ያ ቀርፋፋ፣ ጥላ ያለበት ድምፅ ነው እንጂ የ1966ቱ ማምቦ አይደለም። ግን በዚያው በ2010 ሙላቱ «ስቴፕስ አሄድ» በሚለው አልበሙ የድሮውን የጋሜ ዘፈን እንደገና ቀረጸው፤ «ቡጋሉ» የሚል ሥራም አለበት። ከ44 ዓመት በኋላ። ሰው ያልጨረሰው ወሬ ካልኖረው ወደ አንድ ቤት ሁለቴ አይመለስም።

ይሄ ሁሉ የድሮ ወሬ ነው፣ ምን አገባን ለምትሉኝ፦ ሠርጉ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሠርጉ ላይ ዲጄ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ፣ ላፕቶፕ፣ ኪቦርድ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሥራውን ያውቃል። የሚያጫውተው ዘፈን ግን ከላይ ማሲንቆ፣ ከሥር አማፒያኖ፤ ከላይ ዋሽንት፣ ከሥር ሬጌቶን የሚመታው የዴምቦ ምት። ማሲንቆው አራት ሰከንድ ተቆርጦ እየተደጋገመ ነው። ከሠርገኛው መሐል አንዷ እናት በዚያ ምት ትከሻቸውን ሊጥሉ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ፣ ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ጋሼ «በሩ የት ጋ ነው?» ሲሉ ነው የሴትዮዋ ትከሻ ትዝ ያለኝ።

1966 ላይ ያየነው ነገር ራሱ ነው፤ ማምቦው በአማፒያኖ ተተካ እንጂ። ዜማው ይጋበዛል፣ ምቱ ደጅ ይቆማል። ሙላቱ ግን ቢያንስ ማምቦውን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ ነው የቀረጸው፣ ዜማውንም ከነሙሉ ሐረጉ ነው የወሰደው። እኛ የወረደ ቢት ላይ የተቆረጠ ድምፅ ለጥፈን «ፊዩዥን» እንላለን። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። ሮፍናን በ2018ቱ «ነጸብራቅ» የአገሩን ምት ከኤሌክትሮኒኩ ጋር ለማናገር ለፍቷል፤ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም ምቱን ከሥር አንስቶ ነው የሚገነባው። ሁለቱም ሁልጊዜ አይሳካላቸውም፣ ግን ጥያቄው ገብቷቸዋል። የሠርጉ ዲጄ ላይ መፍረድ አልፈልግም፤ የሚያጫውተው የተሠራለትን ነው።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሞንታርቦው ጸጥ አለ፣ ልጆች ጮኹ፣ ሰው ስልኩን አበራ። ጋሼ ማንም ሳይጠይቃቸው አወረዱ። መጀመሪያ የተቀበሏቸው አራት አምስት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ እነዚያ ሲጮሁ የነበሩት ልጆች። ከበሮው ዘግይቶ ነው የደረሰው። ቀስ ብሎ የጀመረው ጭብጨባ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄዶ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከደረሱት መሐል ያቺ ትከሻቸው እምቢ ያላቸው እናት ነበሩ፤ አሁን መሐል ገብተዋል። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። መብራቱ መጣ፣ አማፒያኖው ካቆመበት ቀጠለ፣ ሰው ሁሉ እልል ብሎ ወደ ሞንታርቦው ዞረ። እኔም ዞርኩ፤ አልዋሽም፣ ጨፍሬያለሁ።

ያንን ሩብ ሰዓት በስልኬ ቀድቼው ነበር። አዲስ አበባ ስመለስ ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ ላለው ጓደኛዬ ላክሁለት። በማግሥቱ ደወለ።

«ቢፒኤሙ ስንት ነው?»

«አላውቅም። ይፈጥናል።»

«እንዴት ይፈጥናል? ከስንት ወደ ስንት?»

«ሲጀምር ቀስ ይላል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል። የሚያወርደው ሰው ነው የሚወስነው።»

ዝም አለ። የኪቦርዱ ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማኛል። «መስመሩ ላይ አይቀመጥልኝም እኮ» አለኝ። «የፈጠነውን ላስተካክለው እንዴ?»

«አታስተካክለው።»

«እሺ፤ ታዲያ ምን ላድርገው?»

ለጋሼ ደወልኩላቸው። ሲስተም የለም ይላል።